የኮሶቮ ጦርነት፦ ሰርቦች የተሸነፉበትን ቀን ለምን ያከብራሉ?

#1 አድባር

ሰላም ለቤቱ። ስለ ባልካን በተከፈተ ክር ሁሉ ኮሶቮ የምትባል ስም ሳትነሣ አትቀርም። ሰርቢያዊው ቴኒስ ተጫዋች ጆኮቪች በ2023 ፓሪስ ላይ ጨዋታ አሸንፎ በካሜራው መስታወት ላይ «ኮሶቮ የሰርቢያ ልብ ናት» ብሎ ሲጽፍ ነገሩ የዛሬ የድንበር ክርክር ብቻ አልነበረም። ከጀርባው ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ጦርነት አለ።

መነሻ እንዲሆነን፦ ጦርነቱ ማክሰኞ ጁን 15 ቀን 1389 ከፕሪሽቲና አጠገብ ኮሶቮ ፖልዬ በሚባለው ሜዳ ተደረገ። የሰርቦቹ መሪ ልዑል ላዛር ሞተ። የኦቶማኑ (የቱርኮቹ) ሱልጣን ቀዳማዊ ሙራድም ሞተ። ቀኑ በሰርቦች ዘንድ ቪዶቭዳን ይባላል፤ ከዓመቱ በዓላት ሁሉ ትልቅ ትርጉም የተሸከመ ዕለት ነው።

ውይይቱ እንዳይበታተን ሦስት ጥያቄ ላስቀምጥ። በዕለቱ ያሸነፈው ማን ነው? የቅዱሱ ንጉሥ ምርጫ፣ ሱልጣኑን የገደለው ጀግና፣ ጌታውን የከዳው አማች የሚሉት ታሪኮች እያንዳንዳቸው መቼ ገቡ? ዓይነ ስውራን በየገዳሙ ደጅ የሚያዜሙት ዜማስ እንዴት የዘመናዊ መንግሥት ንብረት ሆነ?

ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

#2 ደብረ_ብራና

የመጀመሪያውን ልያዝ። የዕለቱን ውጤት ለማወቅ ከሁሉ በፊት መታየት ያለባቸው በዚያው ዓመት የተጻፉት ደብዳቤዎች ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ ዜና መዋዕል ቆይቶ ይደረስበታል።

የቦስኒያው ንጉሥ ትቭርትኮ በቭላትኮ ቩኮቪች መሪነት ጦር ልኮ ከላዛር ጎን አሰልፎ ነበር። ኦገስት 1 ቀን 1389 ለትሮጊር ከተማ በጻፈው ደብዳቤ ቱርኮችን ድል እንዳደረገ አስታወቀ። ለፍሎረንስም ዜናውን ላከ። የፍሎረንስ ምላሽ ኦክቶበር 20 ቀን በከተማዋ ዋና ጸሐፊ በኮሉቾ ሳሉታቲ እጅ ተጻፈ። ደስታን ይገልጻል፤ በተለይም ዐሥራ ሁለት መኳንንት ተማምለው፣ በሰንሰለት የተያያዙትን ግመሎች ጥሰው እስከ ሙራድ ድንኳን እንደ ዘለቁና አንዱ ሱልጣኑን እንደ ገደለው ያነሣል። ስሙን ግን አይጠራም። ይህን ልብ በሉ፤ ቆይቶ ይጠቅመናል።

እንግዲህ በ1389 መጨረሻ በምዕራብ አውሮፓ የተሰማው ወሬ የክርስቲያኖች ድል ነው። በሜዳው ላይ የሆነው ግን ሁለቱም ወገኖች የተጨራረሱበት ውጊያ ይመስላል፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች «አቻ» የሚሉት ለዚህ ነው። የሙራድ ልጅ ባየዚድ ወንድሙን ያዕቁብን እዚያው አሳንቆ ዙፋኑን ያዘና ሥልጣኑን ለማደላደል ተመለሰ። ድሉን ተከትሎ ወደፊት አልገፋም።

ታዲያ ሽንፈት የሚባለው ለምንድን ነው? ኦቶማኖች ያለቀውን ሠራዊት ከእስያው ግዛታቸው ከአናዶሉ መተካት ይችሉ ነበር፤ የላዛር ግዛት ግን ያላትን ሁሉ በአንድ ቀን ጨረሰች። ባሏ የሞተባት ልዕልት ሚሊትሳ ገና አቅመ አዳም ባልደረሰው ልጇ በስቴፋን ስም እያስተዳደረች ገባር ለመሆን ተገደደች። ሴት ልጇ ኦሊቬራ ለባየዚድ ተዳረች። ስቴፋን ራሱ አድጎ በ1395 ሮቪኔ፣ በ1396 ኒኮፖሊስ፣ በ1402 አንካራ ላይ ለአባቱ ገዳዮች ጦር እየመራ ተዋጋ። ሰርቢያ ጨርሳ የወደቀችው ስሜዴሬቮ በተያዘችበት በ1459 ነው፤ ከኮሶቮ 70 ዓመት በኋላ። «መንግሥቱ በአንድ ቀን ፈረሰ» የሚለው የዜማ ቋንቋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከወታደራዊ ጉዳት አንጻር ካየነው በ1371 በማሪትሳ ወንዝ የደረሰው ሽንፈት የከፋ ነበር። ንጉሥ ቩካሺንና ወንድሙ ኡግልዬሻ እዚያ ወደቁ፤ መቄዶንያ ለኦቶማኖች ተከፈተች። ግን ስለ ማሪትሳ የሚያለቅስ ብሔር የለም። ለምን እንደሆነ እህቴ ማኅሌታይ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ብትመጣበት ይሻላል።

#3 ማኅሌታይ

በደስታ። መልሱ አጭር ነው፦ ለማሪትሳ ሟቾች ገድል አልተጻፈላቸውም። ለላዛር ተጽፎለታል።

የኛ አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ይረዳል፤ ቃላቱ ሁሉ በቋንቋችን አሉና። ላዛር መጀመሪያ ፕሪሽቲና ተቀበረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፍልሰተ ዐፅም ተደርጎለት ራሱ ወዳሠራው ወደ ራቫኒትሳ ገዳም ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ዐሥር ያህል ድርሰቶች ተጻፉለት፦ ገድል፣ ውዳሴ፣ የበዓሉ ጸሎት፣ ለስንክሳር የሚሆን አጭር ንባብ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፓትርያርክ ሣልሳዊ ዳኒሎ ነው። በእርሱ ድርሰት ላዛር ሠራዊቱን ሲያበረታ በነውር ከመኖር በተጋድሎ መሞት ይሻለናል ይላል። የሰማዕትነቱን አክሊል፣ ምድራዊውን ንቆ ሰማያዊውን መውረስን እዚያ እናገኛለን። የዛሬው «የኮሶቮ ኪዳን» የሚሉት ሐሳብ ሥሩ ይህ ነው።

በነዚህ የመጀመሪያ ጽሑፎች ውስጥ የማይገኘውንም እንይ። ሱልጣኑን ገደለ የሚባለው ጀግና ሚሎሽ በስሙ የለም። የከዳ አማች የለም። ከኢየሩሳሌም የሚበር ጭልፊት የለም። ያለው አንድ ሰማዕት ልዑልና አብረውት የወደቁ ወገኖች ናቸው።

ሚሊትሳና ልጇ ይህን ሁሉ ያስጻፉት ከሐዘን ብቻ የተነሣ አይመስለኝም። የድሮው የኔማኒች ሥርወ መንግሥት በ1371 አልቋል። ላዛር በደም የዚያ ቤት ወንድ ልጅ አልነበረም፤ መዓርጉም ልዑል እንጂ ንጉሠ ነገሥት አይደለም። አባቱ ሰማዕት የሆነ ወራሽ ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ቅድስናው እውነተኛ እምነት ነበረ፤ የአገዛዝ መሠረትም ሆኖ አገለገለ። ሁለቱ አይጣሉም።

ከነዚህ ሥራዎች ሁሉ የምታስደንቀኝ መነኩሲቷ የፊሚያ ናት። በ1402 አካባቢ በቀይ ሐር ላይ በወርቀ ዘቦ ክር ለላዛር ውዳሴ ጠልፋ ለዐፅሙ መሸፈኛ አበረከተች። ልጆቹን እንዳይረሳ፣ ቅዱሳንን ሰብስቦ እንዲረዳቸው ትለምነዋለች። ይህች ሴት ማናት? ማሪትሳ ላይ የወደቀው የኡግልዬሻ ሚስት የነበረች! ለባሏ ሜዳ ማንም ውዳሴ አልጻፈም፤ እሷ ራሷ እንኳ መርፌዋን ያነሣችው ለኮሶቮው ሟች ነው። ጥልፉ ዛሬ ቤልግሬድ በሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ይገኛል።

#4 ዓባይ_ማዶ

ድንቅ ነው። ግን ዛሬ ሰርቢያ ውስጥ ሰው ሊሳደብ ሲፈልግ «ቩክ ብራንኮቪች!» ይላል፤ ከሃዲ ማለት ነው። ገድሎቹ ውስጥ ከሌለ ታዲያ ከየት መጣ? ሰውየውስ በእርግጥ ከድቷል?

#5 ደብረ_ብራና

አልከዳም። ወይም በጥንቃቄ እንናገር ከተባለ፣ ከዳ የሚያሰኝ የዘመኑ ማስረጃ የለም፤ ከጦርነቱ በኋላ ያደረገው ሁሉ ደግሞ ክሱን ይቃወማል።

ቩክ ብራንኮቪች የላዛርን ልጅ ማራን ያገባ የኮሶቮ አካባቢ ገዥ ነበር። ከሜዳው በሕይወት ተመለሰ፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። የላዛር ቤት ገባር ሲሆን እርሱ እስከ 1392 ድረስ አልገብርም ብሎ ቆየ። በኋላም ከባየዚድ ጋር ተጣልቶ መሬቱን ተነጠቀ፤ አብዛኛው ለላዛር ልጅ ለስቴፋን ተሰጠ። በ1397 በኦቶማኖች እስር ሞተ። ከዳ የተባለው ሰው በጠላት እስር ቤት ሲሞት፣ ለጠላት የዘመተው ስቴፋን ግን ከነክብሩ ቀረ።

የሁለቱ ገጸ ባሕርያት አመጣጥ ደረጃ በደረጃ እንዲህ ይታያል። በ1389 የፍሎረንስ ደብዳቤ ውስጥ ስም የሌላቸው ዐሥራ ሁለት መኳንንት አሉ። በ1430ዎቹ መጀመሪያ ቆስጠንጢኖስ ፈላስፋው የስቴፋንን ታሪክ ሲጽፍ በጌታው ፊት ስሙ የጠፋ፣ ታማኝነቱን ለማስመስከር ሱልጣኑን የገደለ አንድ መኰንን ያነሣል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቀድሞው የኦቶማን ወታደር ቆስጠንጢን ሚሃይሎቪች «ሚሎሽ ኮቢላ» ብሎ በስም ይጠራዋል። ከዚያ በ1601 የዱብሮቭኒኩ መነኩሴ ማቭሮ ኦርቢኒ በጣልያንኛ ባሳተመው የስላቮች ታሪክ ውስጥ ከሃዲው ስም ያገኛል፦ ቩክ ብራንኮቪች። ከጦርነቱ 212 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ኮቢላ በቋንቋቸው ባዝራ ፈረስ ማለት ነው። ለጀግና የማይመጥን መስሎ ስለ ታየ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ኦቢሊች ወደሚል ተለወጠ፤ ይህኛው ብዛትንና በረከትን ያሰማል። ጀግና ስሙን ለማስተካከል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጀበት።

የክህደቱን ክስ ያፈረሱት የውጭ ሰዎች አይደሉም፤ ሰርቦች ናቸው። አባ ኢላሪዮን ሩቫራትስ የተባለ መነኩሴና ሊዩቦሚር ኮቫቼቪች ሁለቱም በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ የአምስት መቶኛው ዓመት በዓል ሲቃረብ ማስረጃውን ዘርዝረው ጻፉ። ብዙ ሰው ተቆጥቷቸዋል። ልክ ግን እነርሱ ናቸው።

#6 ባለመሰንቆ

ወንድም ደብረ_ብራና የብራናውን መስመር ጨርሶታል። እኔ የዜማውን ልጨምር፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ኮሶቮ የመጣው በጉስሌ ነውና።

ጉስሌ ለኛ እንግዳ መሣሪያ አይደለም። አንድ አውታር ያለው፣ አውታሩ ከፈረስ ጭራ የተጎነጎነ፣ ፊቱ በቆዳ የተለበጠ፣ በደጋን የሚመታ። መሰንቆን ላየ ሰው ልዩነቱ ቅርጹ ነው፦ የመሰንቆ ሣጥን ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን የጉስሌ ግን ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ክብ ሆድ ይኖረዋል። ዩኔስኮ በጉስሌ የሚዜመውን ዜማ በ2018 በሰርቢያ ስም መዝግቦታል።

ግጥሙ ዴሴቴራትስ ይባላል፤ ዐሥር ቀለም ማለት ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ዐሥር ቀለም፣ ከአራተኛው በኋላ ዕረፍት፣ ቀጥሎ ስድስት። ዝነኛው የላዛር ምርጫ ዜማ ሲጀምር፦

ፖ-ሌ-ቲ-ዮ ‖ ሶ-ኮ ቲ-ትሳ ሲ-ቫ

«ጭልፊት በረረ፣ ግራጫ ወፍ» ማለት ነው። የግራው አራት፣ የቀኙ ስድስት። ትርጉም ላይ የሚበላሸው ይህ ነው፤ ዕረፍቱ ከጠፋ ግጥሙ ተረት ይሆናል። አዝማሪው በቃሉ ያጠናው ሙሉ ግጥም ሳይሆን በአራትና በስድስት ቀለም የተለኩ ሐረጎችን ነው፤ እንደ ጡብ እያነሣ ይደረድራቸዋል። ስለዚህ አንድ ዜማ ሁለት ጊዜ ሲዜም ቃል በቃል አንድ አይሆንም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጭልፊቱ ከኢየሩሳሌም ጨረባ የምትባለውን ወፍ ይዞ ይመጣል። ጭልፊት አይደለም፣ ቅዱስ ኤልያስ ነው፤ ወፏም ወፍ አይደለችም፣ የእመቤታችን መልእክት ናት። ላዛርን ትጠይቀዋለች፦ ምድራዊውን መንግሥት ትመርጣለህ ወይስ ሰማያዊውን? ምድራዊውን ከመረጥህ ፈረስ ጭነህ ምታ፣ ቱርክ ያልቃል። ሰማያዊውን ከመረጥህ ኮሶቮ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሥራ፤ መሠረቷ ከእብነ በረድ አይሁን፣ ከሐርና ከቀይ ግምጃ ይሁን። ሠራዊትህን አቁርብ። ሁላችሁም ትሞታላችሁ። ላዛር ያስባል፤ ምድራዊው ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ሰማያዊው ለዘለዓለም ብሎ ይመርጣል።

የዚህ ዜማ ጉልበቱ እዚህ ነው። ሽንፈቱ የተመረጠ ሆነ። የተመረጠ ሽንፈት አያሳፍርም።

ታሪክን ግን ከዜማው አትቁጠሩ። ዜማው ላዛርን ንጉሠ ነገሥት ይለዋል፤ አልነበረም። ሠራዊቱን 77,000 ያደርሰዋል፤ ያንን ያህል ሰው በሜዳው አልነበረም። የሚሊትሳን አባት ዩግ ቦግዳን ይለዋል፣ ዘጠኝ ልጆችም ይሰጠዋል፤ የእውነተኛ አባቷ ስም ቭራትኮ ነው። ዘጠኙን ልጆቿን ያጣችው እናት ግን በሰርብ ልብ ውስጥ ከእውነተኞቹ ሰዎች ሁሉ በላይ ሕያው ናት።

ዜማው ከማን አፍ እንደ ተጻፈም ማወቅ ይገባል። የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢው ቩክ ካራጂች የሰበሰበው በስሬም ከምትገኝ ግርጉሬቭትሲ ከምትባል መንደር ከሆነች አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ነው። ስሬም ኮሶቮ አይደለም፤ ከዚያ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ነው። ታዲያ ኮሶቮ እዚያ ምን አደረሰው? በ1690 ፓትርያርክ ሣልሳዊ አርሴንዬ ሕዝቡን ይዞ ወደ ሰሜን ሲሰደድ የላዛር ዐፅም ከራቫኒትሳ ወጥቶ ቡዳ አጠገብ ሰንትአንድሬ ደረሰ። በ1697 በስሬም ፍሩሽካ ጎራ ተራራ ወዳለው ወደ ቭርድኒክ ገዳም ገባ። ዓይነ ስውራን አዝማሪዎች በገዳማቱ በዓላት የሚለምኑባት ሀገር ያቺ ናት። ዐፅሙ ባለበት ዜማው ጸና። ስለ ቅዱስ ምርጫ የሚናገረው ዜማ ከዚያ መገኘቱ አጋጣሚ አይመስለኝም።

#7 ዓባይ_ማዶ

የቀኑ ነገር ግራ ያጋባኛል። አንዱ ጁን 15 ይላል፣ ሌላው ጁን 28። የትኛው ነው?

#8 ማኅሌታይ

ሁለቱም። ለኛ ደግሞ ከማንም ይልቅ ይቀላል።

ጦርነቱ በጁልያን፣ በአሮጌው የአውሮፓ አቆጣጠር፣ ጁን 15 ነው። የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በጁልያን ትቆጥራለች። በእርሱና አውሮፓ ዛሬ በሚጠቀምበት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት በ14ኛው ክፍለ ዘመን 8 ቀን ነበር፣ በ19ኛው 12፣ ከ1900 ወዲህ 13። ስለዚህ በ1889 በዓሉ በጎርጎርዮስ ጁን 27 ዋለ፤ በ1914 ጁን 28። «ጦርነቱ በጁን 28 ቀን 1389 ተደረገ» የሚል ጽሑፍ የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ አስገብቷል፤ ስሕተት ነው።

የኛ አቆጣጠር ከጁልያን ጋር አብሮ ስለሚሄድ ቀኑ አይንቀሳቀስም፦ ሰኔ 21 ቀን 1381 ዓ.ም.፣ በዓፄ ዳዊት ዘመን። ዛሬም ሰኔ 21 ነው፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን በዓል የሚውልበት። ከ2100 ጀምሮ አውሮፓውያን ጁን 29 ሲሉት ለኛ ያው ሰኔ 21 ይሆናል።

#9 የዘመን_ሐሳብ

ወደ አድባር ሦስተኛ ጥያቄ ልግባ፤ ዜማው እንዴት የመንግሥት ሆነ?

መጀመሪያ ኅትመት ነው። ቩክ ካራጂች የመጀመሪያውን የዜማ መጽሐፍ በ1814 ቪየና አሳተመ። ይህ ሰው ፊደሉንና ሰዋስዉንም ያስተካከለ ነውና የኮሶቮ ዜማዎች በአንድ ጊዜ የቋንቋ መለኪያም፣ የትምህርት ቤት ንባብም ሆኑ። በቃል የሚለዋወጠው ዜማ በእርሳስ ፊደል ሲታተም አንድ «ትክክለኛ» መልክ ያዘ።

ቀጥሎ ሞንቴኔግሮ። ገዥውና ጳጳሱ ኘጎሽ በ1847 ባሳተመው ድርሰት ኦቢሊችን የተጋድሎ መለኪያ አደረገው፤ በዚያው ዓመት በኦቢሊች ስም የጀግና ሜዳይ አቋቋመ። እዚህ ላይ ትኩረቱ መቀየሩን እዩ። ቤተ ክርስቲያን መሐል ላይ ያስቀመጠችው የሚሞተውን ላዛርን ነበር። ኘጎሽ የሚገድለውን ሚሎሽን አስቀመጠ።

በ1889 ሰርቢያ ነጻ መንግሥት ናት፣ ኮሶቮ ግን ገና በኦቶማን እጅ ነው። ስለዚህ አምስት መቶኛው ዓመት በሜዳው ሳይሆን በላዛር ዋና ከተማ በክሩሼቫትስ ተከበረ፤ ብላቴናው ንጉሥ አሌክሳንደር ኦብሬኖቪች የሐውልቱን መሠረት ድንጋይ አኖረ። የጆርጄ ዮቫኖቪች ሥራ የሆነው ሐውልት በ1904 ተመረቀ። በ1912 ጦሩ ኮሶቮን ሲይዝ ለወታደሮቹ የተሰጠው ሜዳይ «የኮሶቮ ተበቃዮች» ይላቸዋል። ከ523 ዓመት በኋላ! የገጠር ልጅ አባቱ በጉስሌ ያዜመለትን ሜዳ በእግሩ ረገጠው። ይህን ስሜት ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው የሰርብን ታሪክ አይረዳም ባይ ነኝ። በዚያው ዘመቻ የተገደሉና የተሰደዱ የአልባኒያ መንደርተኞች መኖራቸውንም የማያነሣ እንዲሁ አይረዳውም።

ከዚያ ጁን 28 ቀን 1914 ሳራዬቮ። የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ የገደለው ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕና ጓደኞቹ ያደጉበት የወጣቶች ክበብ ኦቢሊችን እንደ አርአያ ያይ ነበር፦ አንድ ሰው፣ አንድ ጨቋኝ፣ አንድ ምት። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ በቪዶቭዳን ዕለት ከተማዋን መጎብኘቱ ለእነርሱ ስድብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ራሱ የፖለቲካ መሣሪያ ሆነ። በ1916 እንግሊዞች ለአጋራቸው ለሰርቢያ የኮሶቮ ቀን አከበሩ። በ1921 ሰርቦችን፣ ክሮአቶችንና ስሎቬኖችን ያዋሐደው አዲስ መንግሥት ሕገ መንግሥት በቪዶቭዳን ጸደቀ። በ1948 ስታሊን የዩጎዝላቪያውን መሪ ቲቶን ያስወገዘበት የኮሚንፎርም (የኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር) ውሳኔ ጁን 28 ወጣ፤ ይሄኛው ግጥምጥሞሽ ነው፣ ሰው ግን ከትርጉሙ ጋር አያይዞታል። አፈ ታሪኩ የሰርብ ብቻ ሆኖ እንዳልቆየም አንርሳ፤ ለኮሶቮ ታላቅ መቅደስ ሊሠራ ያቀደው ቀራጺ ኢቫን ሜሽትሮቪች ክሮአት ነበር፣ ሥራዎቹንም በ1911 ሮም ላይ በሰርቢያ አዳራሽ አሳይቷል።

#10 አድባር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ክርክር ላንሣ። በ1990ዎቹ የምዕራብ ጋዜጦች «የስድስት መቶ ዓመት ጥላቻ» እያሉ ይጽፉ ነበር። ይህ ሁሉ ቀጣይነት ካለ አባባሉ ትክክል ነው ማለት ነው?

#11 ደብረ_ብራና

አይደለም፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ስቴፋን ለባየዚድ መዋጋቱን ከላይ አይተናል። በ1557 የፔች ፓትርያርክነት ለሰርቦች የተመለሰው በኦቶማኑ ቬዚር በሶኮሉ መህመድ ፓሻ ጊዜ ነው፤ እርሱም ከሰርብ ቤት የተወለደ። ለሁለት መቶ ዓመት፣ እስከ 1766፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በሱልጣኑ ፈቃድ ስትኖር የላዛርን ገድል ታነብ ነበር። ገድሉም ኖሯል፣ ግብሩም ተገብሯል። ያልተቋረጠ ጥላቻ ቢኖር ይህ አይሆንም።

ያልተቋረጠው መታሰቢያው ነው። ጥላቻ ሲፈለግ ከመታሰቢያው ውስጥ አንዱን ክፍል መዞ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። መቼ እንደ ወጣ፣ ማን እንዳወጣው ይታወቃል።

#12 የዘመን_ሐሳብ

ይታወቃል። በ1942 በጦርነቱ ጊዜ የላዛር ዐፅም ከዘረፋ እንዲድን ከቭርድኒክ ወደ ቤልግሬድ ተወስዶ ነበር። በ1988 ከዚያ ወጣና በሰርብ አህጉረ ስብከት ሁሉ፣ በቦስኒያም ጭምር፣ እየዞረ ሕዝብ ተሳለመው። በ1989 ራቫኒትሳ ገባ፤ ከ1690 ስደት 299 ዓመት በኋላ። ለምእመኑ በረከት ነበር፣ ማንም አይነፍገውም። ግን ዐፅሙ ያለፈባት መንገድ የሰርብ ምድር ድንበር መስላ በካርታ ላይ ታየች።

ጊዜውን አስቡ። ቲቶ በ1980 ሞቷል፤ የዩጎዝላቪያ ፌዴሬሽን በዕዳና በዋጋ ንረት ታንቋል። በኤፕሪል 1987 ስሎቦዳን ሚሎሼቪች ኮሶቮ ፖልዬ ላይ ለተሰበሰቡት ሰርቦች ማንም ሊመታችሁ አይገባም ብሎ በአንድ ሌሊት የብሔር መሪ ሆነ። በማርች 1989 የኮሶቮ ራስ ገዝ ሥልጣን ተቀነሰ። በሦስተኛው ወር ጁን 28 ላይ ስድስት መቶኛው ዓመት ደረሰና በጦርነቱ ሜዳ ጋዚሜስታን በሚባለው ስፍራ ላይ ለተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ንግግር አደረገ። አብዛኛው ስለ አንድነትና ስለ ኢኮኖሚ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ግን በሰው አእምሮ ቀረች፦ ዛሬም በትግል ላይ ነን፣ ትግሎቹ የመሣሪያ ትግል አይደሉም፣ እንዲህ ያለውም ቢሆን ግን አይመጣም ሊባል ገና አይችልም።

አሠራሩን ልብ በሉ። ሦስቱ ሰዎች ሦስት ሥራ ሠሩ። ላዛር ሕዝቡን ንጹሕ ሰማዕት አደረገው፤ ሰማዕት ደግሞ አጥፊ ሊሆን አይችልም ተባለ። ኦቢሊች ጠላትን መግደል ቅዱስ ነው አለ። ብራንኮቪች አልስማማም የሚለውን ሰርብ ከሃዲ አደረገው። ጠላቱም ስም ነበረው፦ ቱርክ። የቦስኒያ ሙስሊም ስላቭኛ እየተናገረ፣ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ቡና እየጠጣ «ቱርክ» ተባለ። ጁላይ 11 ቀን 1995 የቦስኒያ ሰርቦች ጦር መሪ ጄኔራል ራትኮ ምላዲች የቦስኒያ ከተማ ስሬብሬኒትሳ ገብቶ በካሜራ ፊት በቱርኮች ላይ የምንበቀልበት ጊዜ ደረሰ አለ። በቀጣዮቹ ቀናት ስምንት ሺህ ያህል ወንዶችና ልጆች ተገደሉ፤ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች ዘር ማጥፋት ብለውታል።

#13 ማኅሌታይ

ወንድሜ የዘመን_ሐሳብ፣ ሁሉንም እቀበላለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። ዜማው ጠመንጃ አልተኮሰም። ያንኑ ዜማ እየዘመሩ ያደጉ ብዙ ሰርቦች በ1991 አንዘምትም ብለው ከምልመላ ሸሽተዋል፣ በቤልግሬድ አደባባይ ጦርነቱን ተቃውመዋል። ፌዴሬሽኑን ያፈረሱት የሥልጣን ሽኩቻ፣ ዕዳ፣ ሚዲያን የተቆጣጠሩ ሰዎችና የሠራዊቱ መሣሪያ ናቸው። አፈ ታሪኩ ለእነርሱ ቋንቋ ሆነላቸው። «ሰማያዊውን መንግሥት መረጠ» የሚለውን የምድር ካርታ ማስፋፊያ ማድረግ የላዛርን ገድል መገልበጥ ነው፤ ገድሉ የሚለው ምድራዊውን ተወው ነውና! ለመነኩሲቷ የፊሚያ ያለ ፍቅር ይህን ዝም እንድል አይፈቅድልኝም።

#14 ባለመሰንቆ

እህቴ እውነት ብላለች። አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ቀርቶናል፤ በዚያው ሜዳ ላይ ሌሎችም ያስታውሳሉ።

ሙራድ የወደቀበት ቦታ መቃብር አለው። ሬሳው ወደ ቡርሳ ተወስዶ ሳለ የሆድ ዕቃው ኮሶቮ ተቀበረ፤ ትውልድ ከትውልድ የሚጠብቁት ቤተሰቦች አሉት። በጁን 1911 ሱልጣን መህመድ ረሻድ እዚያ ድረስ መጥቶ ሰግዷል። በኦቶማን አተራረክ ሙራድ ሰማዕት ነው፤ የተገደለውም ውጊያው ካለቀ በኋላ ከሬሳ መሐል በተነሣ ቁስለኛ እጅ ነው።

አልባኒያውያንም የራሳቸው ዜማ አላቸው። በእነርሱ ዘንድ ገዳዩ ሚሎሽ ኮፒሊች ይባላል፤ ከአካባቢው የወጣ የራሳቸው ጀግና ነው። አንድ ሜዳ፣ አንድ ገዳይ፣ ሁለት ሕዝብ «የኛ ነው» ይላል። ኮሶቮ በፌብሩዋሪ 2008 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ይህ ዜማም ከመንደር ወጥቶ የብሔር ክርክር ውስጥ ገብቷል።

#15 ደብረ_ብራና

ስለ ኮሶቮ የሚነበብ ነገር ያጋጠመው ሰው እንዴት ይፈትነው ለሚል፣ የምንሠራበትን መንገድ በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

ጋዚሜስታን ላይ በአሌክሳንዳር ዴሮኮ ንድፍ በ1953 የተሠራ ግንብ አለ። በላዩ «የላዛር እርግማን» ተቀርጿል፦ ሰርብ ሆኖ፣ ከሰርብ ዘር ተወልዶ ወደ ኮሶቮ ውጊያ ያልመጣ ልጅ አይውጣለት፣ ወንድም ሴትም፤ በእጁ የነካው አይብቀል፣ ቀዩ የወይን ጠጅም ሆነ ነጩ ስንዴ። ጎብኚ ሁሉ የ1389 ድምፅ መስሎት ያነበዋል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ይህ ቃል በጽሑፍ መቼ ታየ? በገድሎቹ ውስጥ አለ? የለም። በኦርቢኒ? የለም። በቩክ ካራጂች ስብስብ ውስጥ አለ። ሁለተኛ፦ በየትኛው እትም? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው፤ «የቩክ ስብስብ» ብሎ ያልፋል፣ እትሞቹ ግን ይለያያሉ። ሦስተኛ፦ እትሞቹን ጎን ለጎን አድርጎ የተጨመረውን ቃል መፈለግ።

በ1815 እትም እርግማኑ አጭር ነው፦ ወደ ኮሶቮ ውጊያ ያልመጣ በእጁ ምንም አይብቀልለት፣ በሜዳው ነጭ ስንዴ፣ በኮረብታው የወይን ሐረግ። የሚረገመው ጌታው ጠርቶት የቀረ ጭፍራ ነው፤ ከየትኛውም ወገን ይሁን። በ1845 እትም ላይ «ሰርብ ሆኖ፣ ከሰርብ ዘር ተወልዶ» የሚለው ገባ፤ የልጅ መከልከሉም አብሮ ተጨመረ። በግንቡ ላይ የተቀረጸው የ1845ቱ ነው።